ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

በአገራችን ልማድ መርዶ ማታ አይነገርም። ሰው ለብቻው ሳለ ወይም ሥራ ቦታው ላይ አይነገርም። ወሬው ቀድሞ የደረሳቸው ዘመዶች እርስ በርስ ይጠራራሉ፤ ባለ ሐዘኑ ድንገት በስልክ እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ፤ ያን ሌሊት እራቱን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ እንዲያድር ይተዉታል። ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ከፊት የንስሐ አባት ወይም የተከበሩ ሽማግሌ፣ ከኋላ እህትና አክስት፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከሆነም ነርስ የሆነች የሰፈር ልጅ አብራ ትቆማለች። በሩን የከፈተችው ሴት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ስታይ አንድ ቃል ሳይወጣ ነገሩ ይገባታል። ስትወድቅም የሚይዛት ክንድ አጠገቧ አለ።

ይህን ሥርዓት ሐኪም አልጻፈውም። ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር ሲያስተምሩ ቦታ ምረጡ፣ አጠገቡ ሰው ይኑር፣ ነግራችሁ አትሩጡ ይላሉ፤ የኛ ሽማግሎች ይህን ሲያደርጉት ኖረዋል። ስለ ሐዘንና ስለ መጽናናት ሲነሣ ታዲያ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ ባህላችን ሁሉን ጨርሶታል፣ የሚጨመርበት የለም ይላል። ሌላው ለቅሷችንን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ መፍትሔው የባለሙያ ምክር ብቻ ነው ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በማጽናናት የሚስተካከለን ሕዝብ ጥቂት ነው። ከሰማንያው በኋላ ግን ባለ ሐዘኑን ብቻውን እንተወዋለን፤ ሐዘናቸው በልማዱ ውስጥ ቦታ ያላገኘውን ደግሞ ከመጀመሪያውም አናያቸውም። ይህ ዳሰሳ ባህሉ የሚያውቀውንና ምርምሩ ያገኘውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህንኑ ክፍተት ለማሳየት ይሞክራል።

እድርና የለቅሶ ቤት

እድር መቼ ተጀመረ በሚለው ጸሐፊዎች ይለያያሉ። አብዛኞቹ ግን ከከተማ ሕይወት ጋር፣ ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ ከገባው ሰው ጋር ያያይዙታል፤ የጉራጌ ተወላጆች ድርሻም አብሮ ይነሣል። ከዘመዱ ርቆ የመጣ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ጎረቤቱን ዘመድ አደረገው ማለት ነው። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው፦ ወርኃዊ መዋጮ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጡሩምባ ነፊ፣ ከቀብር ለቀረ ሰው መቀጮ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ብርጭቆው ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ምግቡ ከየጎረቤቱ ይመጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሴቶቹ ከባለ ሐዘኗ ጋር ፍራሽ ላይ ያድራሉ።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት ሐዘን የገባበት ቤት አንድ ጠዋት መዋል ይበቃል። ባሏ የሞተባት ሴት ምን ይበላ፣ ማን ይጠራ፣ አስከሬኑ በምን ይሂድ ብላ አትጨነቅም፤ ሌሎች ያስቡላታል። አዲስ ለቀስተኛ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ሲገባ ቤቱ በዋይታ ይናወጣል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጸጥ ይልና ቡና ይዞራል፣ ወሬ ይጀመራል፤ ድንኳኑ ዳር ወንዶቹ ካርታ ይዘዋል። አንዱ የሟቹን የልጅነት ተንኮል ያነሣና ስታለቅስ የነበረችው ሴት ራሷ ትስቃለች። ሌላ ለቀስተኛ ሲደርስ እንደገና ለቅሶ። ሐዘን ቤት ካርታና ሳቅ ምን ይሠራል ብለው የሚቆጡ አሉ። እኔ ግን ከልማዳችን ሁሉ ትልቁ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ሙሾውም የራሱ ሥራ አለው። ጥሩ አልቃሽ የሟቹን ሕይወት ትተርከዋለች፦ የማን ልጅ እንደነበረ፣ ማንን እንዳስተማረ፣ ምን ጀምሮ ሳይጨርስ እንደቀረ። በገጠር ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃውና ልብሱ ወጥቶ ይለቀስለት ነበር። የሚሰሙት ሰዎች ደግሞ ለዚያ ሟች ብቻ አያለቅሱም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሟች አስታውሶ ያለቅሳል። ለዚህ ነው እናቷን ከቀበረች ሃያ ዓመት የሆናት ሴት በማታውቀው ሰው ለቅሶ ላይ እንባዋ የሚፈስሰው። ፊት መንጨትን፣ ራስን ከመሬት ማፍረጥን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሲቃወሙ ኖረዋል፤ ትክክል ናቸው። እንባን ግን አንዳቸውም አልከለከሉም። ክርስቶስ በአልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል፤ ነቢዩ ሙሐመድም በሕፃን ልጃቸው በኢብራሂም ሞት አንብተዋል።

ከለቅሶው ቀጥሎ የቀን አቆጣጠሩ አለ። በኦርቶዶክሱ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ አቅም ላለው ደግሞ ሰባተኛ ዓመት። በሙስሊሙ ዘንድ ቀብሩ ሳይውል ሳያድር ይፈጸማል፣ ታዚያው ሦስት ቀን ነው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። በወንጌላውያን አማኞች ቤት መዝሙሩ ዋይታውን ተክቶታል፤ ጉባኤው ግን እንደዚያው ነው። ሁሉም ለሐዘን ጊዜ ይሰጡታል፣ ጊዜውንም ይቆርጡለታል። ከል መልበስ ለማንም ሳያስረዱ «እኔ ደኅና አይደለሁም» ማለት ነው፤ ከል ማውጣት ደግሞ ሰው ሁሉ እያየ ወደ ኑሮ መመለስ ነው። ከተሜው ይህን እየተወ ሲሄድ በቦታው የተካው ነገር አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ምርምሩ ምን አገኘ

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ ሐዘንን እንደ ሥራ አየው። ሰው ፍቅሩን ከሞተበት ወዳጅ ጥቂት በጥቂት ያላቅቃል፤ ሥራው ሲያልቅ ልቡ ነጻ ይሆንና ሌላ ይወዳል። ይህ አሳብ የምዕራቡን ሕክምና ለብዙ አሥርት ዓመታት ገዛው። ዛሬም «እርሳው በቃ» የሚለው ምክር ላይ ጥላው አለ።

ፍሮይድን ግን ኑሮ አረመው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የተነሣው ወረርሽኝ እኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ ይባላል፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል፣ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ሲታጠን የሚታወሰው ይኸው ነው። ያው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1920 መጀመሪያ የፍሮይድን ልጅ ሶፊን ገደላት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ልጁ ብትኖር 36 ዓመት በሚሞላት ቀን፣ ልጅ ለሞተበት ወዳጁ ለሐኪሙ ሉድቪግ ቢንስቫንገር ደብዳቤ ጻፈ። ክፍተቱ በምንም እንደማይሞላ፣ መሙላትም እንደሌለበት፣ ፍቅሩ የሚኖረው በዚያ ክፍተት ውስጥ መሆኑን ነገረው። ሐዘን ሥራው ያልቃል ያለው ሰው በልጁ ሞት ይህን ተማረ።

ቀጥሎ በዓለም ላይ የተበተነው የኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ አምስት ደረጃ ነው፦ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው መጽሐፏ የዘረዘረችው ሆስፒታል ተኝተው ሞታቸውን የሚጠባበቁ ሕሙማንን አነጋግራ ነው። የሚሞተው ሰው የሚያልፍበትን መንገድ ለቀሪው መመሪያ አድርገው የወሰዱት በኋላ ነው። ሐዘንተኞችን ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ሁሉም ሰው በቅደም ተከተል የሚያልፍበት ደረጃ አላገኙም። ይህን የማነሣው አንዳንድ አማካሪዎቻችን ደረጃውን ዛሬም እንደ ሕግ ስለሚያስተምሩት ነው። እናቷ የሞተችባት ልጅ «ገና አልተቆጣሁም፣ ሐዘኔ ስሕተት አለበት ማለት ነው?» ብላ እንድትጨነቅ ማድረግ በሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው።

ለኛ ልማድ የሚቀርበው ማርጋሬት ስትሮይበና ሄንክ ሹት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ነው። ሐዘንተኛ በሁለት ነገር መካከል ይመላለሳል ይላሉ። አንድ ጊዜ ወደ ጉዳቱ ይገባል፤ ያለቅሳል፣ ፎቶ ያያል፣ ይናፍቃል። ሌላ ጊዜ ከጉዳቱ ይወጣል፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ሟቹ ይሠራው የነበረውን ሥራ ይለምዳል፣ ይስቃል። ጤናው ያለው በመመላለሱ ነው። ሁልጊዜ የሚያለቅስም፣ ጭራሽ የማያለቅስም ይቸገራል። የለቅሶ ቤቱን ዋይታና ካርታ ያነሣሁት ለዚህ ነው፤ ተመራማሪዎቹ በወረቀት ያሰፈሩትን ምልልስ ድንኳናችን በአንድ ከሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ያሠራናል።

ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት መጽሐፍ ከሟች ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ፣ መልኩን ቀይሮ እንደሚቀጥል ተከራከሩ። ይህ ለምዕራቡ አንባቢ አዲስ ነገር ነበር። ተዝካር ላወጣ፣ በሟች ስም ነዳያንን ላበላ፣ የአባቱን ስም ለልጁ ላወጣ ሰው ግን የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለ ጽናት ብዙ የጻፈው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ቦናኖ ነው። የትዳር ጓደኞቻቸው ከመሞታቸው በፊት ጀምሮ የተመዘገቡ አረጋውያን አሜሪካውያንን መረጃ ሲመረምር ግማሽ ያህሉ ከሐዘኑ በኋላም ኑሯቸውን ሳይስቱ ቀጥለው አገኛቸው። ናፍቀዋል፣ አልቅሰዋል፤ ግን በልተዋል፣ ተኝተዋል፣ ሠርተዋል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሰው ሐዘኑን አምቆታል፣ አንድ ቀን ይፈነዳበታል ይባል ነበር፤ ቦናኖ ያ የዘገየ ፍንዳታ ሲመጣ አላየም። እኛም ሰፈር ውስጥ በሰልስቱ ማግስት ሱቁን የከፈተ ሰው «ልበ ደንዳና» ይባላል። ሰው የሚጸናበት መንገድ ይለያያልና ይህን ስም ብንተወው መልካም ነው።

ሐዘን በሽታ የሚሆነው መቼ ነው

አብዛኛው ሰው በጊዜና በሰው ድጋፍ ይጽናናል። ጥቂቱ ግን አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም ገብቷል፤ ቢያንስ ስድስት ወር አልፎት፣ ከሰውየው ባህልና ሃይማኖት ልማድ በላይ የጸና ሐዘን ማለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለአዋቂ አንድ ዓመት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ሥራ በተፈጥሮ ሞት ካዘኑ አዋቂዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ ይህ ሕመም እንደሚይዘው ገምቷል። ልጅ በሞተባቸውና ሰው በግፍ በተገደለባቸው ዘንድ ይበዛል።

ምልክቱን ጎረቤት ሊያየው ይችላል። ዓመት አልፎም የሟቹን ጫማ ከበር ማንም እንዲያነሣው የማትፈቅድ፣ በቀብሩ በኩል ማለፍ የማትችል፣ «የኔም ነገር አብሮ አልቋል» የምትል፣ ልጆቿን እያየች የማታያቸው ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ እምነቷም አልደከመም። የተለየ እርዳታ ያስፈልጋታል። ካትሪን ሺር የተባለች ሐኪም ለዚሁ ሕመም ያዘጋጀችው 16 ክፍለ ጊዜ ያለው የምክር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2005ና በ2014 በታተሙ ጥናቶች ከተለመደው የድባቴ ሕክምና የተሻለ ውጤት አሳይቷል።

ሐዘን ሥጋንም ይጎዳል። ኮሊን መሪ ፓርክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን 4,486 እንግሊዛውያን ወንዶች ተከታትለው በመጀመሪያው ስድስት ወር ከሚጠበቀው በ40 በመቶ የበለጠ ሞት አግኝተዋል። በልብ ሕመም የሞተው ያይላል። «በሐዘን ሞተ» የሚለው የድሮ አባባል መሠረት አለው። የተጠኑት ወንዶች መሆናቸውም ልብ ይባል። የኛም ወንድ ሚስቱ ስትሞት ምግቡን የሚያቀርብለትን ብቻ ሳይሆን ከጎረቤትና ከዘመድ የምታገናኘውን ሰው ነው የሚያጣው። እሷ የምትሄድበትን ማኅበር አያውቅም፤ እሷ የምትደውልላቸው ሰዎች ቁጥር የለውም። እንባውንም አፍኖ ይዞታል፤ የታፈነው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቁጣ ይወጣል። አፄ ቴዎድሮስ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ከሞተችባቸው፣ ሁለት ዓመት ቆይቶም ወዳጆቻቸው ፕላውዴንና ጆን ቤል ከተገደሉባቸው በኋላ ጠባያቸው እየከፋ መሄዱን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የግዛቱ ጣጣም ነበረበትና ሁሉን ለሐዘን መስጠት አይቻልም፤ ግን አጽናኝ ያጣ ኀያል ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

እርሙን ያላወጣ ሰው

እስካሁን ያልነው ሁሉ አስከሬን ሲኖር፣ ቀን ሲታወቅ፣ ለቀስተኛ መምጣት ሲችል ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የብዙ ኢትዮጵያውያን ሐዘን ግን እንዲህ አልነበረም።

በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969ና በ1970 ዓ.ም.፣ ልጆቻቸው በየመንገዱ ተጥለው የተገኙባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ ድንኳን መትከልም ከል መልበስም ያስጠረጥር ነበር። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች እንዳሉ ተመዝግቧል። ብዙዎች የልጃቸውን መቃብር ሳያውቁ አርጅተዋል። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽምና ልብስ፣ የሟቾችም ፎቶ ተደረደረበት። እዚያ ገብታ የልጇን ፎቶ በመስታወት ላይ የምትዳስስ እናት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለቅሶ ደረሰች ማለት ነው።

ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ሚስቶች ስታነጋግር ይህን ዓይነት ሐዘን ለይታ አጠናች፤ የጠፋው ሰው ሞቷል እንዳይባል አስከሬኑ አልታየም፣ አለ እንዳይባል የለም። ሐዘንተኛው ቢያዝን ተስፋ የቆረጠ፣ ተስፋ ቢያደርግ ራሱን ያታለለ ይመስለዋል። በትግራይ ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች አንድ ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆዩ። መርዶው ለየቤቱ ተነግሮ ከጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሦስት ቀን ሐዘን ሲታወጅ ከተሞቹ በአንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሆኑ። በዚያው ጦርነት ከአማራና ከአፋር፣ ከሌላውም ክልል ዘምቶ ያልተመለሰ ልጅ ያላቸው፣ ዛሬም የስልክ ጥሪ በሰሙ ቁጥር የሚደነግጡ ወላጆች አሉ። ለነዚህ ሰዎች የሞተውን ሞተ ብሎ በክብር መንገር የመንግሥት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የፖለቲካ ስሌት ሊያዘገየው አይገባም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰው አለቀ። የአስከሬኑ ምርመራ ወራት እንደሚፈጅ ሲታወቅ ለቤተሰቦቹ ከአደጋው ስፍራ የተቃጠለ አፈር በከረጢት ተሰጣቸው። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል 17 ባዶ ሬሳ ሣጥኖች በሰንደቅ ዓላማ ተጠቅልለው ፍትሐት ተደርጎላቸው ተቀበሩ። ለውጭ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። የቀበረው ግን እርሙን እያወጣ ነበር፤ ከሐዘን ጋር መኖር የሚጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ታሪክም ከዚህ ይቀራረባል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ካምፕ አራት ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። የተረፉት አገር ደረሱ፤ የቀበሯቸው ግን ምልክት በሌለው አሸዋ ውስጥ ቀሩ፣ ታሪካቸውንም ለብዙ ዓመት የጠየቃቸው አልነበረም። በኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ የቆመላቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አሁን በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን መንግሥት ባለበት ይታሰባሉ። በሊቢያ በረሃ፣ በቀይ ባሕርና በሜዲትራንያን ያለቁት ወጣቶች ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ስፍራ የላቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ሆኖ ይታየኛል። በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. መሬት ተንሸራቶ ቤቶች ሲዋጡ ጎረቤቱ ሁሉ ዶማና እጁን ይዞ ለማውጣት ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው በነሱ ላይ ነው፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እዚያ የሞተው አጽናኙ ራሱ ነው። እድሩ በሙሉ በሚቀበርበት ቦታ ልማድ ብቻውን አይበቃም፤ ከውጭ የሚመጣ፣ ብርድ ልብስ አድሎ የማይመለስ፣ ዓመት የሚቆይ ድጋፍ ያስፈልጋል።

ለቅሶ የማይደረስላቸው

ኬኔት ዶካ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ኅብረተሰቡ እውቅና ያልሰጠው ሐዘን እንዳለ ጽፏል። የኛን ሰፈር ያየ ሰው ዝርዝሩን ራሱ ይሞላዋል። ጽንስ የወረደባት ወይም በወለደች ቀን ልጇ የሞተባት ሴት «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ትባላለች፤ ድንኳን የለም፣ ሰልስት የለም። ወንድሙ ራሱን ያጠፋበት ሰው የሞቱን ምክንያት እየደበቀ ለቀስተኛ ይቀበላል እንጂ አያለቅስም። የኤድስ ዘመን እንዲሁ ነበር፤ ሟቹ «ሳንባው ነው» ተብሎ ይቀበራል፣ ሚስቱ በሹክሹክታ መሐል ትቀመጣለች። በዚያ ዘመን የእድሮች ካዝና በቀብር ብዛት ሲራቆት አንዳንድ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን ቀይረው ሕሙማንን መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። የእድር ደንብ መለወጥ እንደሚችል ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ልጆች ደግሞ አሉ። «አባትህ ውጭ አገር ሄዷል» የተባለ የስድስት ዓመት ልጅ ድንኳኑን፣ ጥቁሩን ልብስ፣ የእናቱን ፊት ያያል። ያውቃል፤ የሚያውቀውን ግን የሚጠይቀው ሰው የለም። ከዚያ የትምህርት ቤት ጓደኛው አንድ ቀን ፊት ለፊት ይነግረዋል። ሲልቨርማንና ዊልያም ዎርደን በአሜሪካ ወላጅ የሞተባቸውን የ70 ቤተሰብ 125 ልጆች ሁለት ዓመት ተከታትለው ነበር። አብዛኞቹ ደኅና ሆነዋል፤ ከሁሉ በላይ ልዩነቱን ያመጣው የቀረው ወላጅ ሁኔታ ነበር። እናት ቆማ ስትሄድ ልጅ ይቆማል። ስለዚህ ለልጁ እውነቱን በሚገባው ቃል ንገሩት፤ ቀብር መሄድ ከፈለገም እጁን ይዛችሁ ውሰዱት።

በስደት ያለውም የራሱ ቀንበር አለው። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን መርዶን በአገር ቤት ወግ ለመንገር ይደክማሉ፤ የሥራ ፈረቃ አይተው፣ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። ነገር ግን ፌስቡክ ይቀድማቸዋል፤ አንዱ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ይለጥፋል፣ ልጁ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ያየዋል። ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ለእናቱ ቀብር መሄድ አይችልም። በዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አሠሪዋ ፊት ማልቀስ ስለማትችል ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ይህ የስደተኛ ሐዘን ለጥቂት ጊዜ የሁላችንም ሆኖ ነበር፤ ቀብር በቁጥር ተገደበ፣ ፍራሽ መቀመጥ ቀረ፣ ሰው ዘመዱን ከሩቅ ቆሞ ሸኘ። ያን ጊዜ ያልተለቀሰላቸው ሟቾች ቤተሰቦች ዛሬም አሉና ጠይቋቸው።

ምን ይደረግ

ከሁሉ አስቀድሞ አንደበታችንን እናርም። «ከሞተ ጋር አይሞትም» እውነት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሲነገር ግን ጉዳት ነው። «ልጆችሽን አስቢ»፣ «አንተ ወንድ ነህ»፣ «እግዜር ስለወደደው ነው» ሰውን ዝም ያሰኛሉ እንጂ አያጽናኑም። «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሟቹን ስም ጠርቶ ትዝ የሚለውን አንድ ነገር መንገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ባለ ሐዘን ከምንም በላይ የሚፈራው ስሙ እንዳይረሳበት ነው።

የባለሙያ እርዳታ እንዲስፋፋ መጠየቅ አለብን፤ ነገር ግን የአገራችን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ ነውና እነሱን ብቻ እየጠበቁ መቀመጥ አይቻልም። ዚምባብዌ አንድ መንገድ አሳይታለች። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም የአውቶቡስ መሳፈሪያ አጥታ ሆስፒታል መምጣት ያልቻለች ታካሚው ራሷን ካጠፋች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠለጠነ። አያቶቹ ጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያዳምጣሉ፣ ችግሩንም አብረው ይፈታሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በስድስት ወር ውስጥ የድባቴ ምልክት በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል። እኛ አግዳሚ ወንበሩም፣ እናቶቹም፣ ማኅበሩም አለን። ወንበሩ በእድር ዕቃ ቤት ውስጥ ተደርድሮ ሌላ ሞት ይጠብቃል።

ስለዚህ ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች የማቀርበው አሳብ አንድ አንቀጽ ነው። ሰው የሞተበት አባል ቤት በአራተኛው ወር፣ በስምንተኛው ወርና በሙት ዓመቱ ማግስት ሁለት ሰው ይላክ፤ ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ። ምግብ አያስፈልግም፣ ድንኳን አያስፈልግም። እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ወይ፣ ጡረታው ተፈጸመ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ የከበደ ነገር ካዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘው ይሂዱ። ከቀብር የቀረ ሰው እንደሚቀጣ ሁሉ ከዚህም የቀረ ይቀጣ። ጽንስ ለወረደባት፣ ልጁ በስደት ለጠፋበት፣ ወንድሙ ራሱን ላጠፋበት አባልም ይኸው ይደረግ።

አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው የእድራችሁ ጠቅላላ ስብሰባ ይህን አንሡ። እስከዚያው ዘንድሮ ለቅሶ የደረሳችሁባቸውን ቤቶች አስቡና አራት ወር ያለፈውን በዚህ ሳምንት ሂዱበት።